የአበጋዙ አጥር

አዲስ የቃጫ ገመድ ሽታ ታውቃላችሁ? ከእንሰት ተፍቆ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ከዚያ የተገመደ ነው፤ ትንሽ የቆጮ፣ ትንሽ የዝናብ ሽታ አለው። በቀደም ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ለውስጥ ስሄድ ያ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ አቆመኝ። እኔ ደግሞ በቀላሉ የምቆም ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ ሴትዮ የተወለድሽው መኪና ላይ ነው እንዴ?» ይለኝ ነበር። ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ እንኳ ቤት መዋል አልሆነልኝም። ጠዋት ወደ ገበያ፣ ከሰዓት ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ ምንም ሳልገዛ፣ የትም ሳልሳፈር ዞሬ እመለሳለሁ። ሰዎቹ ለምደውኛል። ገመድ ሻጯ ሸምሲያ ቆሜ ስታየኝ፣ «አሰላሙ አለይኩም እትዬ ዘነቡ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስሪ ነው?» አለችኝ። «ራሴን» አልኳት። ሳቀች። እኔ መሳቂያ ጊዜ አላገኘሁም፤ ስልኬ ይጮህ ነበር።

የደወለው የታላቅ ወንድሜ ልጅ ግርማ ነው። አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። ደግ ልጅ ነው፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስቆጣ እንዳታሙብኝ ነው። «እትዬ፣ ቦታው ተመረጠ» አለኝ። «ለመስቀል ሁላችንም ስንገባ አንቺ መርቀሽ ታስጀምሪናለሽ። ከአበጋዙ ዘር በዕድሜ ካንቺ በላይ የቀረ የለም።» የሚለው ስለ ሐውልቱ ነው። አያቴ አበጋዝ ኑርጋ በጠላት ጊዜ አገሩን አስከትለው ጫካ የገቡ ሰው ነበሩ፤ አበጋዝ በእኛ ዘንድ የጦር መሪ ነው። አሁን የልጅ ልጆቻቸው ከነፈረሳቸው በሲሚንቶ ሊያቆሟቸው ተነስተዋል። «የት ነው የተመረጠው?» አልኩት። «ጀፎረው መሃል ነዋ፣ ከሁሉም ቤት የሚታይ ቦታ» አለኝ፣ ደስ ብሎት።

ጀፎረ ማለት በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። መንገዳችንም ሸንጓችንም እሱ ነው። ሙሽራ የሚወጣው በእሱ ላይ፣ ሬሳ የሚሸኘው በእሱ ላይ፣ የተጣላ የሚታረቀው በእሱ ላይ ነው። አይታረስም፣ አይታጠርም፣ ቤት አይሠራበትም። ግርማ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ቅድመ አያቱን ከመውደዱ የተነሳ ለእሳቸው የሚመጥን ሌላ ቦታ አልታየውም። እንዲህ ያለ ስህተት የእኛ ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም፤ ሌላ አገር ቢሆን አደባባይ ላይ አቁመው ይገላገሉ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ገመዱን ገዛሁ። ዋጋ አልተከራከርኩም። ሸምሲያ ደንግጣ፣ «ዝም ብለሽ ከፈልሽ? አመመሽ እንዴ እትዬ?» አለችኝ። ገመዱ ለምን እንዳስፈለገኝ ያን ጊዜ እኔም አላወቅኩም።

ፌስታሉን አንጠልጥዬ ቤቴ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ደግሞ ገባሁ። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። መጀመሪያ የማውቀው ወልቂጤ ነው፣ አክስቴ ብርነሽ ሻይ ቤት በር ላይ፤ እዚያ የጀበናውም የድስቱም የበሩም ማሰሪያ ቃጫ ነበር። አክስቴ የአበጋዙ የመጨረሻ ልጅ ናት። እኔን ትምህርት ልታስተምረኝ ከመንደር ወስዳኝ እሷ ዘንድ ነው ያደግሁት። ወልቂጤ ዛሬ ፎቁና ባጃጁ መላ ቅጧን አጥፍቶታል፤ ባለፈው ሄጄ የድሮውን ሻይ ቤት ቦታ ስፈልግ የስልክ ቤት ውስጥ ገብቼ «እዚህ ጋ ምድጃ ነበር» ብዬ ልጆቹን አሳቅኳቸው። ያኔ ከተማዋ አንድ ጎዳና ናት ማለት ይቻላል። የጅማው አውቶቡስ ሲቆም ከተማው ሁሉ ይነሳል፣ አውቶቡሱ ሲሄድ ይቀመጣል። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር። ሃያ አምስት ሳንቲም የያዘ ሰው ጋባዥ ነበር። ከመንደር የመጣን ልጆች ኮንጎ ጫማ እናደርጋለን፤ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልስና እግራችንን ይቀቅለዋል። መምህራኑ ቴትሮን ሸሚዝ፣ ሴቶቹ በቀሚስ ላይ ሹራብ ደርበው የሐር ሻሽ ያስራሉ። ጎረምሶቹ ያ ታቹ የሰፋ ቤልቦተም ሱሪያቸውን ለብሰው ሲመላለሱ አቧራውን በነጻ ይጠርጉልን ነበር። ማበጠሪያቸው አፍሯቸው ላይ ተሰክቶ ይውላል።

ከጎናችን ያለው ቡና ቤት በቆዳ የተለበጠ ራዲዮ ነበረው። ሁልጊዜ ከሰዓት አንድ ዘፈን ይመጣል፤ ሰውየው የሄደች ፍቅሩን ነይ፣ ነይ እያለ ይለምናታል። አክስቴ ብርጭቆ እያጠበች፣ «ይቺ ልጅ ዛሬም አልመጣችለትም?» ትላለች። እኔ ያን ዘፈን ስሰማ ልቤ ይነሳ ነበር፤ ወዴት እንደሚነሳ ግን አላውቅም። ምናልባት ይህ የመንከራተት አመል ያኔ ይሆናል የያዘኝ። ወይም የአክስቴ ይሆናል። እሷ ቁጭ ብላ ስትበላ አይቻት አላውቅም። እንግዳው ሁሉ ከበላ በኋላ ቆማ፣ በሩን ተደግፋ ትቀማምሳለች። አንድ ቀን ከጭነት መኪና የወረደ ሾፌር ገባና አግዳሚው ላይ ሻይ የያዘውን ተሸካሚ «ተነሳ» አለው። ተሸካሚው ሊነሳ ሲል አክስቴ ትከሻውን ያዝ አደረገችው። «ቀድሞ የተቀመጠ ሻዩን ይጨርስ» አለች። «አባቴ ጫካ ውስጥ ምግብ ሲታደል መጨረሻ ነበር የሚቆርሰው። ጦር ይመራ ነበር። አንተ ምን ትመራለህ?» ሾፌሩ መኪናውን ተመለከተ። ከዚያ እየሳቀ ቆሞ ጠጣና ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ደንበኛችን ሆኖ ቀረ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አለ፣ ያ የግርግሩ ጊዜ፤ ማን በማን ላይ እንደተነሳ ዛሬ ብትጠይቁኝ በቅጡ አልነግራችሁም። ልጆቹ ድንጋይና ላምባ ይዘው የአንድ ነጋዴን ቤት ሊያቃጥሉ መጡ። ነጋዴው ከድቶናል ተብሏል። እሱ የለም፣ ሚስቱ ውስጥ ናት። አክስቴ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። «ቤት አይከዳም» አለቻቸው። «የሚከዳ ሰው ነው። ሰውየውን ፈልጋችሁ ጠይቁት። አባቴ የባንዳ ቤት አላቃጠለም፤ እናንተ ከእሱ የባሰ ምን ደረሰባችሁ?» ከልጆቹ ግማሾቹ በዱቤ ሻይዋን የጠጡ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ተበተኑ። እሷ ተመልሳ ብርጭቆዋን ማጠብ ቀጠለች። እንግዲህ አያቴን የማውቃቸው እንዲህ ነው። ፎቷቸውን አላየሁም፣ ጎራዴያቸውን አልነካሁም።

እኔና አክስቴ የተጣላነው በአግዳሚ ወንበር ነው። ሌሎቹ ሻይ ቤቶች ሸራ ወጥረው ወንበራቸውን ወደ ጎዳናው አወጡ። አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው እዚያው ነፋሻው ላይ ዘፍ ይላል። አክስቴ ወንበሯን የክዳኑ ውሃ ከሚንጠባጠብበት መስመር አንድ ጣት አታወጣም። ሻዩ እየቀዘቀዘ፣ ዳቦው እየደረቀ እኔ ተቃጠልኩ። «ሁሉም አውጥቷል እኮ» አልኳት። «መንገድ ነው» አለችኝ። «ሁሉም አውጥቷል አልኩሽ!» «ሁሉም የኑርጋ ልጅ አይደለም» አለች። የኑርጋ ልጅ መሆን ሻይ አያሸጥም ብዬ አፌን ከፈትኩባት። አልመታችኝም። ዝናብ ይዘንብ ስለነበር እንግዳ የለም፤ እዚያው ውሃው በሚንጠባጠብበት መስመር አጠገብ አቆመችኝና የአጥሩን ነገር ነገረችኝ።

«አባቴ ጫካ ሳለ እናቴ እኛን የምታበላው አጣች» አለች። «አጥራችንን ወደ ጀፎረው ገፋችና እንሰት ተከለችበት። ማን ይናገራታል? የአበጋዙ ሚስት ናት። ጎረቤቱም አይቶ የራሱን ገፋ፣ የዚያኛውም ጎረቤት ገፋ። ጠላት ወጣና አባቴ ገባ። አገሩ ሁሉ ሊቀበለው ጀፎረው ላይ ወጣ፤ ቦታው ግን ሰዉን አልችል አለው፣ ይጋፋል። አባቴ ፈረሱ ላይ እንዳለ ግራ ቀኙን አየ። ወረደ። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ የራሱን አጥር ይነቅል ጀመር። እናቴ ‹ልጆችህ የሚበሉት እሱን ነው› አለችው። ቆመ። ከዚያ ጓሮ ዞረና ዳማው ፈረሱ የሚታሰርበትን ቦታ በገዛ እጁ ቆፈረው። ሌላ ባዶ መሬት አልነበረንም። እንሰቱን አንድ በአንድ ነቅለው እዚያ ተከሉት። እንሰት ልጄ፣ ካልተነቀለና ካልተዛወረ አይወፍርም፤ ይህን ታውቂያለሽ። ፈረሱን ለአገሩ ሰጠው፣ መርዶ ነጋሪ እንዲቀመጥበት። እሱ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት በእግሩ ነው የሄደው።»

«ሰዎቹስ? የነሱን አጥር አስነቀለ?» አልኳት። «ማንንም አላዘዘም። በማግስቱ ስንነሳ አገሩ ሁሉ አጥሩን ይነቅላል። ከዚያ እናቴ የፈተለችውን ገመድ ከጀፎረው ማዶ ካለው ከዝግባው ግንድ ተነስተው እኛ ደጅ እስካለው የድንበር ድንጋይ ሳቡትና የጀፎረው ስፋት ይኼ ነው ተባለ። አባቴ ያን ቀን ያለውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ‹ጠላት የሚወስደው ባንድ ቀን ነው፣ ይታያል፣ ጦር ይነሳበታል። እኛ እርስ በርስ የምንወስደው ክንድ በክንድ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው።›» ዝናቡ አባርቶ ነበር። አክስቴ ወንበሩን ገፋ አድርጋ ወደ መስመሩ አስገባችና፣ «ሰዉ የሚያወራው የአባቴን ነው» አለች። «እኔ የሚታየኝ እናቴ ናት፣ ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ እንሰቱን እንደ ልጅ ስታቅፍ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆነ። አገባሁና ቡታጅራ ገባሁ። ያኔ ከወልቂጤ ቡታጅራ ለመድረስ አዲስ አበባን መዞር ነበረብን፤ ሙሽራ ሆኜ ሁለት አውቶቡስ ላይ አስመለሰኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የሲንጀር መኪናውን ዘርግቶ ሱሪ በብር ከሃምሳ ይሰፋል፤ ከቆሼ ከተማ በርበሬ ጭነው የሚመጡት ነጋዴዎች ካኪ ይለካሉ፣ ልጆቻቸው ታቹ የሰፋውን ይለምናሉ፣ አባቶቹ «ይህን ሁሉ ጨርቅ መሬት ላይ ልታስጎትትብኝ ነው?» ይሉታል። የመኪናው ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ። እነዚያ ነጋዴዎች በረመዳን ማምሻ ላይ ቴምር ይልኩልናል፣ እኛ ለመስቀል ቅቤ እንልካለን። ደግ ዘመን ነበር ልል አፌን ከፈት አደርግና እተወዋለሁ። ወንድሞቻችንን የበላ ዘመንም እሱ ነው። ግን እኔ ወጣት ነበርኩ፤ ሳንቲሙም ሱሪውም ለዚህ ነው ያማረብኝ።

በዚህ መሃል አበጋዙ በወንዶቹ አፍ አደጉ። በየሰርጉ በየለቅሶው ፈረሳቸው ወንዝ ይዘላል፣ ገደል ይሻገራል። ባለፈው ዓመት የሰማሁት ላይማ መትረየስ ረግጦ አልፏል። ማንም ስለ አጥሩ ሲያወራ አልሰማሁም። እኔን ሲጠይቁኝም፣ «እትዬ፣ ፈረሱ ስሙ ማን ነበር?» ነው የሚሉኝ።

አሁን ወደሚያሳክከኝ ነገር ልምጣ። ታናሽ ወንድሜ ወልዴ ሳይሞት በፊት መንደር ግቢያችን ውስጥ ለእኔ አንድ ክፍል ሠርቶልኛል። አንድ በር፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ ወደ ጀፎረው ነው። «ስትደክሚ ትገቢበታለሽ፣ ከዚህ ሆነሽ የሚያልፈውን ሁሉ ስትነዘንዢ ትኖሪያለሽ» አለኝ። ልጆቼ በየፊናቸው ናቸው፤ የቡታጅራው ቤት የኪራይ ነው። ያ ክፍል በዓለም ላይ የእኔ የምለው ብቸኛ ቦታ ነው። በዓመት ለመስቀል ገብቼ ቁልፉን ስከፍት፣ አልጋው ላይ ጋደም ብዬ የልጆቹን ጫጫታ ስሰማ፣ ይህ ውስጤ የሚንቀሳቀስ ነገር ለጥቂት ቀን ዝም ይላል። እዚያ ልሞት ነው አሳቤ። ታዲያ ከክፍሌ ግድግዳ ጋር ተያይዞ የወልዴ ሱቅ አለ፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ። ወልዴ ከሞተ ወዲህ ሚስቱ ሙሉነሽ በእሱ ነው የምትኖረው። ሱቁ ጀፎረው ላይ ነው የቆመው። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። የአበጋዙ ቤት ነዋ። ሱቁ ወደ ውስጥ ይግባ ቢባል ከወዲያ የእንሰቱ ማሳ፣ ከወዲህ የእኔ ክፍል ነው ያለው። ስለዚህ ለግርማ «ጀፎረ አይነካም» ካልኩ ወዴት እንደምደርስ ከገበያው ጀምሮ አውቄዋለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

ለመስቀል በደጋው በኩል ሄድኩ። አሁን ሚኒባስ አለ፤ አረቅጥ ላይ ጉሙ መስኮቱን ይሸፍነዋል፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ሰው በሰው ላይ ይደርባል፣ ሁሉም ጉልበቱ ላይ ለቤተሰቡ የሚወስደው ዕቃ አለ። እኔ ገመዴን ታቅፌያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ፣ «እማማ፣ በግ ሊገዙ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ነበር። መርቂያቸውና ግቢ ክፍልሽ፣ ምን አገባሽ፣ እላለሁ። ደግሞ አክስቴ ወንበሩን ገፋ ስታደርገው ይታየኛል። አታት ላይ ወርጄ ትንሽ በእግሬ መሄድ ነበረብኝ፤ ጉልበቴ እያመመኝ ፈጥኜ ሄድኩ።

ጀፎረው መሃል ጉድጓድ ተቆፍሯል። ዙሪያውን በኖራ አስምረውታል። ግርማ ከነተወለወለ ጫማው ሣሩ ላይ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ፣ ሻንጣዬን ተቀበለኝ፣ ስልኩን አውጥቶ ሐውልቱን አሳየኝ። ፈረስ ሁለት እግሩን ሰማይ ሰቅሎ ቆሟል። ጀርባው ባዶ ነው። «ፈረሱ አልቋል፣ አበጋዙ ብቻ ናቸው የቀሩት» አለኝ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ወደ ኋላ ቆመዋል። ሽኩር ከዘራውን ተመርኩዞ ከፊት አለ፤ የአገር ሽማግሌ ነው አሁን፣ በልጅነታችን እዚሁ ሣር ላይ ያንከባለልኩት ሽኩር። ሙሉነሽ ሱቋን ጥላ አልመጣችም፣ በመስኮቱ ብቅ ብላለች።

«በይ እትዬ፣ መርቂልን» አለ ግርማ።

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆምኩ። «ከምርቃቱ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ» አልኩና ስለ አጥሩ ነገርኳቸው። አሳምሬ አልተናገርኩም። ከፊቱ ወደ ኋላ፣ ከኋላው ወደ ፊት ዘለልኩ፤ ፈረሱን ከሰጡ በኋላ ነው እንሰቱን ያስታወስኩት። ግን ማንም አላቋረጠኝም። ሴት አያቴ ጭቃው ውስጥ መንበርከካቸውን ስናገር ሴቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ፊት ቀረቡ። ስጨርስ ግርማ ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽንም?» አለኝ።

«የምትጠይቁኝ ስለ ፈረሱ ነበር» አልኩት።

«እና ጉድጓዱ ይደፈን ነው የምትይኝ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

እኔ ሳልመልስ ሽኩር ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዘነቡ፣ ወላሂ ያልሽው እውነት ነው» አለ። «እኔም ከአባቴ ሰምቼዋለሁ። ግን የልጁ ጉድጓድ ትናንት የተቆፈረ ነው። ገመድ ከዝግባው ከተሳበ መጀመሪያ የሚያርፈው የት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ።» በከዘራው አልጠቆመም። አላስፈለገውም፤ የሁሉም ዓይን ወደ ሱቁ ሄደ። ሙሉነሽ ለአንዲት ሴት ስኳር ስትሰፍር ነበር። እጇ ሚዛኑ ላይ ቆመ።

ፈራሁ። አልደብቅም። ለግርማ ክብር አይደለም፣ ለሐውልቱም አይደለም፤ ለዚያች መስኮት ነው የፈራሁት። ጉድጓዱ ይህን ያህል ትልቅ አይደለም ብዬ አሰብኩ። ጀፎረው ሰፊ ነው፣ ሰው በጎኑ ማለፍ አያቅተውም፣ ሁለት ቃል መርቄ ክትፎዬን በልቼ ክፍሌ ገብቼ ልጋደም። እግሬ ግን ተነስቶ ነበር። ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው። ወደ ሱቁ ሄድኩ።

«ሙሉ፣ ሱቁ ወደ ውስጥ ይገባል» አልኳት።

«ወዴት እትዬ? እንሰቱ ላይ ነው? ልጆቹ ምን ይበላሉ?»

«እንሰቱን ማን ነካሽ። ወደ እኔ ክፍል ነው። መስኮቱም ወደ መንገድ ነው፣ ለሱቅ ይመቻል።»

«አንቺስ? የት ልትቀመጪ ነው?»

«እኔ መቼ ተቀምጬ አውቃለሁ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቁልፉን ከመሀረቤ ጫፍ ፈታሁና ሚዛኑ ላይ፣ ስኳሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሙሉነሽ አላነሳችውም፤ እጇን በላዩ ላይ አድርጋ ቆየች።

ከዚያ ገመዱን ከፌስታሉ አወጣሁ። ማንም ሳያዘው ግርማ መጥቶ አንዱን ጫፍ ያዘና በዚያ ጫማው ጭቃውን እየረገጠ ወደ ዝግባው ሄደ። እኔ ወደ ድንጋዩ ሳብኩ። አልደረሰም። ገበያ ላይ ሳላስበው በዓይኔ የለካሁት ዛሬ ያለውን ጀፎረ ነው ለካ፤ የአያቶቻችን ከዚያ ይሰፋል። ነጠላዬን አውልቄ ጫፉ ላይ ቋጠርኩት። ነጠላዬ በሱቁ በር ገባ፣ ሙሉነሽ የጨው ጆንያዎቿን ገፋ አደረገች፣ ከስራቸው ድንጋዩ ወጣ። በልጅነቴ የምቀመጥበት ድንጋይ ነው፤ ጥግ ላይ ያለችው ስንጥቅ እንኳ አለች። «ደርሷል» አልኩ። ሽኩር ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተና ወደ ራሱ አጥር ዞረ። የእሱም ሦስት ግንድ ወደ ጀፎረው አልፎ ነበር። ግርማ ገመዱን ዝግባው ላይ አስሮ ተመለሰ። ጉድጓዱን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ከቆፋሪው ላይ አካፋውን ተቀበለው።

ሁሉም አጥሩን አስገባ ብላችሁ እንዳታስቡ። አንዳንዱ አስገባ፣ አንዳንዱ ለሚቀጥለው መስቀል ቀጠሮ ሰጠ፣ የሽኩር ልጅማ እስከ ዛሬ ከአባቱ ጋር ይጨቃጨቃል። ግርማ አንድ ወር ሙሉ አልደወለልኝም። ከዚያ ደወለና፣ «እትዬ፣ ፈረሱን ለአገር ሰጥቼዋለሁ» አለኝ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አቁመውታል። አበጋዙን አልሠሯቸውም። ልጆቹ በየተራ ይወጡበታል ይባላል፤ አንድ ጆሮው ከአሁኑ ተሰብሯል።

እኔ ይኸው ቡታጅራ ነኝ፣ ጠዋት ገበያ፣ ከሰዓት መናኸሪያ። አንዳንድ ቀን ያቺ መስኮት ትናፍቀኛለች፣ በጣም። መንደር ስሄድ ሙሉነሽ ሱቁ ውስጥ ወንበር ታመጣልኛለች፤ እኔ ግን ወጥቼ ድንጋዩ ላይ ነው የምቀመጠው። አሁን ከደጁ ውጭ፣ ከሣሩ ዳር ላይ ሆኗል። ሰላም የሚል ይላል፣ ከብት ያልፋል፣ ዝናብ ሲመጣ ይመታኛል። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተነሺ የሚለኝ ሰው የለም። የምነሳው እኔው ነኝ።